ሠላሳ ብዬ ማስገባት ነበረብኝ

ይድረስ ለምወድሽ እታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ የያዘሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? የእማማስ ጉልበት እንዴት ሆነላት? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴ እንደተቀየምሽኝ አውቃለሁ። ፍረጂብኝ፤ ግን አንብበሽ ፍረጂ።

ስለ ሥራዬ ጽፌልሽ ነበር። ብየዳ ቤት ውስጥ ብረት አንስቶ እየዞረ የሚያቀብል የማሽን ክንድ አለ፤ ስንት እንደሚዞር ቁጥሩን የማስገባው እኔ ነኝ። ከቢሮ የሚመጣው ወረቀት በራዲያን ነው፣ ማሽኑ ደግሞ የሚያውቀው ዲግሪ ብቻ። አንቺ እንዳስተማርሽኝ በፓይ ቦታ መቶ ሰማንያ አስገብቼ አሰላለሁ፤ ከሙሉ ዙር ከበለጠ ሦስት መቶ ስልሳ እቀንሳለሁ። ሳሰላ ስለማጉረመርም አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ በያጅ መቶ ሰማንያ የሚል ስም አውጥቶልኝ ነበር። ነገረኛ ነው፤ ጠዋት ሳልገባ ገና ከበር ይጠራኛል።

የዚያን ቀን ወረቀቱ አሥራ ሦስት ፓይ ለስድስት ይላል። አሰላሁት፣ ሦስት መቶ ዘጠና መጣ። ሙሉ ዙሩ ሲቀነስ ሠላሳ ነው። የምሳ ሰዓት ደርሶ ሆዴ ይጮኻል፤ ያው ሁለቱም አንድ ቦታ ነው የሚያርፉት፣ ምን ለውጥ አለው ብዬ ሦስት መቶ ዘጠናውን እንዳለ አስገባሁት። አዬ ስንፍና! ክንዱ ሠላሳ ላይ ደረሰ፤ አልቆመም፣ አለፈ። ሽማግሌው ከማሽኑ ጀርባ ቆሞ ውሃ ይጠጣል። ክንዱ እዚያ ደርሶ ስለማያውቅ ሁላችንም የምናርፈው እዚያ ነው። ጮህኩ። ዞር ሲል ደረቱን መታው። ክንዱ ዙሩን ጨርሶ ልክ ሠላሳ ላይ መጥቶ ቆመ። ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን ሞተ።

መርማሪዎቹ ስሌቴን አይተው ስህተት የለበትም አሉ። መቆም የሌለበት ቦታ ቆሞ ነው፣ ጥፋቱ የራሱ ነው ተባለ። እኔም ሙሉ ዙሩን ሳልቀንስ ማስገባቴን ሳልናገር አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው መሆኔ ቀረ። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሽማግሌው መቶ ሰማንያ እያለ ከጀርባዬ ይጠራኛል። ቢቆጣኝ በወደድኩ፤ እንደ ድሮው እየቀለደ ነው የሚጠራኝ። ፈራሁ እታለሜ፣ በጠራራ ፀሐይ ፈራሁ።

ትናንት በቀን ሚስቱ ዘንድ ሄድኩ። ወንበር ብታቀርብልኝም መቀመጥ አቃተኝ፤ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ታዋርደኛለች ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ ታዲያ እሱ ቸልተኛ አልነበረማ አለች። ለካ ሁለት ወር ሙሉ፣ ምነው ለእኛ ስትል ብትጠነቀቅ እያለች ከሟች ጋር ስትጣላ ኖሯል። ከዚያ ልጇን ከጓዳ ጠርታ ለእሷም ደግመህ ንገራት አለችኝ። ደግሜ ነገርኳት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበደኝ። ይቅር አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት ለኃላፊዎቹ ልናገር ነው። ሊያባርሩኝ፣ ሊያሳስሩኝም ይችላሉ። የመጣው ይምጣ።

ባለቤትሽን እጅግ አድርጌ ሰላም ብያለሁ። ትልቋን በትምህርቷ እንድትበረታ ንገሪልኝ፤ ትንሹን ጉንጩን ነክሰሽ ሳሚልኝ። አጎታችንንም ሰላም በይልኝ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ይሄን ግን ገና አታንብቢላት። ቅዳሜ ከሰዓት ደውይልኝ። ስልኬን ካላነሳሁ ታስሬያለሁ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ከሰው አፍ እንዳትሰማው አንቺው ንገሪያት። ካነሳሁ ግን፣ ተናገርክ ወይ ብለሽ ሳትጠይቂኝ እንዳትዘጊ።

ወንድምሽ
ከመኝታ ክፍሌ፣ ሐሙስ፣ ጥቅምት 9 ቀን