ለማን ይነሳል?

አምቦ፣ ጥቅምት 1979 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ የምትፈራው ብርድስ ጀመረ? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ አፏ ግን ደህና ነው፤ ከስቶ እንደሆነ ፎቶ ይላክ ብላሃለች። አባባ ካለፈው ክረምት ወዲህ ዳሌያቸው አልዳነም። ያለ ምርኩዝ መነሳት አይችሉም፤ በምርኩዝም ቢሆን እያቃሰቱ ነው።

ደብዳቤህ ደርሶናል። አብረውህ የሚማሩት ልጆች የየአገራቸውን የእንግዳ አቀባበል ሊያወሩ ነውና የ«ኖር»ን ትርጉምና አመጣጥ ጠይቀሽ ጻፊልኝ ብለሃል። ከአገርህ የምትጠይቀው የጠፋ ይመስል! ቢሆንም ጠይቄልሃለሁ።

ጎረቤታችን መምህር አሻግሬ «ከመኖር» የመጣ ይመስለኛል፣ ወደ ቤት የሚገባውን ሰው «ኑር» ብሎ መመረቅ ነው አሉኝ። ግን ተጽፎ ስላላዩት በእሳቸው ስም እንዳላወራ አደራ ብለውኛል። ሌላው ጎረቤታችን ኦቦ ሆርዶፋ ደግሞ የቃሉን አገር እኔን አትጠይቂኝ፣ እንግዳ ሲገባ ብድግ ማለት ግን በእኛም ቤት ያለ ነው ብለው «ኬሱማን ካን ዋቃቲ» አሉኝ፤ እንግዳ የፈጣሪ ነው ማለታቸው ነው። አባባ በአጭሩ ቆረጡት። ሰው ሲገባ ትነሳለህ፣ «ኖር» ትላለህ፣ እሱም «በእግዜር» ብሎ ይቀመጣል፤ እሳቸው ከአባታቸው ያገኙት ይኸንኑ ነው። ለጓደኞችህ ይኸ ይበቃቸዋል።

ለአንተ ግን አይበቃህም። ቅዳሜ የሆነውን ልንገርህ።

ሲንቄ ከሸነን መጣች። ማን ናት እንዳትለኝ። እዚያ ስታስተምር ቤት ያከራዩህ ሰዎች ልጅ ናት፤ ለፋሲካ በላክኸው ደብዳቤ «ልጅ ይዛ የምትመጣ ሴት ካለች አላውቃትም፣ ከበር መልሷት» ያልክባት። ያን ዕለት ለአባባ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሰምተው ምንም አላሉም። ልጄ አይዋሽም ብለው ነው ብዬ እኔም ዝም አልኩ።

ልጅቷን ጆሮዋን አሟት ሆስፒታል ስታሳይ ውላ የሸነን መኪና አመለጣት። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ማደሪያ ፈልጋ እንጂ ሌላ ነገር ብላ እንዳልመጣች ተናገረች። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አባባን ታያለች። እኔ ልጅቷን አያለሁ። ስሟ ወርቅቱ ነው፣ ሦስት ዓመት አልፏታል። መልኳን አልገልጽልህም፤ መስታወት ካለህ እዚያው እይ።

አባባ ቢያስገቧት አንተን ውሸታም ማለታቸው ነው። ቢመልሷት ደግሞ ሊመሽ ነው፣ የልጅቷም ጆሮ በጥጥ ተወትፏል። ሲንቄ ለመሄድ ልጇን ልታዝል ጎንበስ አለች። ይኼኔ አባባ ምርኩዛቸውን ሳቡ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሲመጣ እንኳ ዳሌያቸውን አሳበው የማይነሱ ሰው፣ ይቅርብዎ ብንላቸው አልሰማ ብለው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙና «ኖር!» አሉ። ሲንቄ «አይነሱ፣ በሞቴ» ስትል እንባዋ ቀደማት። «በእግዜር» ያለችው እማዬ እጇን ይዛ ካስቀመጠቻት በኋላ ነው። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

እሁድ መኪና አልነበረም። ሰኞ ሐኪሙ ጆሮዋን ደግሜ ልየው ስላለ ቀሩ። የከነከነኝ ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው። ልጅቷ ከጓሮ ቤት፣ ከቤት ጓሮ ስትል ትውላለች፤ አባባ ንቅንቅ አይሉም። ሲንቄ ስትገባም ቀና ብለው አይተው ወደ ሬዲዮናቸው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ለይሉኝታ ተነሱላቸው፣ አሁን ሰለቿቸው ብዬ አሰብኩ። ሲንቄም የገባት እንደኔው ነው መሰለኝ፣ ሰኞ ከሰዓት ጓዟን መቋጠር ጀመረች።

አላስቻለኝም። አንተ ታውቀኛለህ፤ የሆዴን በሆዴ ይዤ አላድርም። አባባ ፊት ቆሜ፣ ቅዳሜ እንዲያ እያቃሰቱ የተነሱላትን ልጅ ዛሬ ምነው እንዳላዩ ሆኑ አልኳቸው። ሬዲዮኑን ዘጉ።

«ለቤት ልጅ ማን ይነሳል?» አሉኝ።

ሲንቄ ከጓዳ ሰምታለች። ቋጠሮዋን እንደያዘች መደቡ ላይ ቁጭ አለች። እናቷ ብቻቸውን ስለሆኑ እሷ ነገ ትመለሳለች፤ ወርቅቱ ግን ጆሮዋ እስኪድን እኛ ጋ ትቆያለች። ከዚያ በኋላ ስላለው የተናገረ የለም፣ እማዬ ግን ቀሚስ ልትሰፋላት ጨርቅ ገዝታለች። ለነገሩ ልጅቷ ግትር ናት፣ ወተት በስኳር ካልሆነ አትጠጣም።

ይኸን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት ለአባባ አነበብኩላቸው። ይኸን አውጪ፣ ያንን ተይ አላሉኝም። ለእሱ የሚሉት ካለ ልጨምርበት አልኳቸው። ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ከዚያ «ሲመጣ እነሳለታለሁ በይልኝ» አሉ።

እንዳሉት ጽፌልሃለሁ።

ፈጣሪ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፣ ከክፉ ይሰውርህ። እማዬ ጉንጭህን ስማለች። ደረትህን ሸፍነህ ውጣ።

ታላቅ እህትህ