ቆጣሪው አርባ ሲል

ለእትዬ፣ ለታላቄ፤

ከርመሽ እንደምን አለሽ? ያ ሲያምሽ የነበረው ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? ባልሽስ፣ ያቺ ወሬኛ ልጅሽስ እንዴት ናቸው? ሥራውስ፣ ብርዱስ? እኛ ደህና ነን። «ደህና ነን» ብዬ ጽፌ ብዕሩን ያዝ አደረግሁት። ወረቀቱን መሪው ላይ ዘርግቼ ነው የምጽፍልሽ፤ እማዬ ውስጥ ናት፣ ወገቧን እያሿት።

ባለፈው ስትደውይ ሕክምናዋን ለምን እንዳቋረጠች ጠይቀሽኝ «ትንሽ ደክሟት ነው» አልኩሽ። አልደከማትም። መኪናውን ፈርታ ነው። አንቺ ለእሷ ብለሽ የላክሽውን መኪና።

ቸርኬውን ቀየርኩት፣ እትዬ። ጎረቤታችን ባለ ሱቁ «መኪናህ ነጠላ ጫማ አድርጋ ነው እንዴ የምትሄደው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ትልልቅ ቸርኬ፣ ከላዩ ስስ ጎማ አስገጠምኩ። ሰፈሩ «አየር» የሚለው ጎሚስታ ሥራውን ጨርሶ ራሱን ነቀነቀ። «ያምራል። ግን ጉድጓዱን ሲውጥላችሁ የኖረው ወፍራሙ ጎማ ነው፤ ከእንግዲህ ወገባችሁ ይዋጠው» አለኝ። ሳቅሁ። የማን ወገብ እንደሆነ አላሰብኩም።

መሪው ከበደ። ሙሉ ስጠመዝዘው ጎማው ፓራፋንጎውን ይፈትጋል። ፍሬን ስይዝ ካሰብኩት አልፎ ይቆማል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ በሱቆቹ መስታወት ውስጥ ስናልፍ ራሳችንን አያለሁ። እማዬ ከኋላ፣ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ ጨብጣ።

አንድ ቀን «ቀስ በል እንጂ ልጄ» አለች። አርባ ነው አልኳት፤ የፍጥነት ቆጣሪውን በጣቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ በዚያ በሚያማት ወገቧ ጎንበስ ብላ አየችው። አርባ።

«እንግዲያው እኔ ነኛ» አለች። «እርጅና ፈሪ ያደርጋል።»

ከዚያ ወዲህ ቀስ በል ብላኝ አታውቅም። ቆይታ ወደ ሕክምናው መሄዱንም ተወችው፤ «ተሽሎኛል» አለች። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዛ ስትነሳ እያየሁ አመንኳት። ማመኑ ተመችቶኝ ነበር።

ለፓራፋንጎው ጉዳይ ወደ ጎሚስታው ወደ አየር ብመለስ፣ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ነገረኝ። አዲሱ ጎማ ከነቸርኬው ከድሮው በቁመት ስለሚበልጥ አንዴ ሲዞር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን የድሮው ጎማ ያለ እየመሰለው ይቆጥራል። ስለዚህ አርባ ሲል አርባ አልነበረም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እናቴ በወገቧ የለካችው ልክ ነበር፤ እኔ በጣቴ ውሸት አደረግሁባት። ፍጥነቱ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ራሷን እንድትጠራጠር ማድረጌ ነው።

የድሮዎቹ ቸርኬዎች እዚያው ጥግ ተደርድረው አገኘኋቸውና አስመለስኩ። ዛሬ ለምኜ አሳፈርኳት። መንገድ ላይ «አሁንስ ስንት ነው?» አለች። ሠላሳ አልኳት።

«አንተ ካልክ» አለች።

ይህቺ «አንተ ካልክ»፣ እትዬ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ወደ ኋላ መዞር አቅቶኝ፣ መሪውን እያየሁ ሁሉንም ነገርኳት።

«ታዲያ አላረጀሁማ» አለች በመጨረሻ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች በመስታወቱ ማየት አልደፈርኩም። «በል ንዳ፣ እንዳናረፍድ። ለእህትህም ጻፍላት።»

መንገዱ ላይ ያለው ጉብታ ላይ ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ መኪናው እንደ ጥንቱ ለስለስ ብሎ አለፈው። እጇ ግን ገና ጉብታው ጋ ሳንደርስ መያዣው ላይ ነበር።

ለባልሽ ሰላም በይልኝ፤ ወገቡን ይጠብቅ። ወሬኛዋን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አያቷ አዲስ ተረት አላት፣ ስትደውሉ ትጠይቃት። እማዬ «ዐይኗን ልየው» ብላሻለች። ከእንግዲህ ስለ ጤናዋ ራሷን ጠይቂያት፤ እኔን አይደለም።

ታናሽሽ

ከሕክምናው ቤት ደጅ፣ መኪና ውስጥ
ሐሙስ ረፋድ፣ መጋቢት ፯