ዓምና ላይ ለቆመው ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዲበረታ ከልቤ እመኛለሁ፤ ቢታመሙ በራስዎ ሆስፒታል መታከምዎ አይቀርምና፣ ይህን ለክፉ ጠላቴም አልመኝም።

የምጽፍልዎ እዚህ ግባ ስለማይባል ጉዳይ ነው። በመጠበቂያ አዳራሹ ያለው ድምፅ ማጉያ ጩኸቱ በዝቷል፤ ዝቅ ይደረግልን ብዬ ልለምን ነበር ሐሳቤ። ባለፈው ሰኞ ግን ታናሽ እህቴን ይዤ አግዳሚው ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ ያው ድምፅ ማጉያ ጎረቤታችንን አናጢውን ከነአባቱ ስም ጠራው። ደግሞም ጠራው። አናጢው ሊመጣ አልቻለም፤ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ "ቀርቷል፣ ሌላ ቀጠሮ ይሰጠው" ሲባል ሰማን። ለሞተ ሰው ሁለተኛ ዕድል የሚሰጥ መሥሪያ ቤት በማግኘታችን ልናመሰግን ሲገባን፣ ሁላችን እርስ በርስ ተያየን። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "እኔንስ ከየትኞቹ ጽፈውኝ ይሆን?" አሉኝ።

ነገሩን ያስረዳችኝ የሌላዋ እህቴ ልጅ ናት። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በኮምፒውተር ክፍልዎ ትሠራ ነበር፤ አሁን በርስዎ መልካም ፈቃድ በር ላይ ቆማ ቦርሳ ትፈትሻለች። እንደገባኝ ልጻፈው። ሙሉ ቅጂ ማለት በሰርቨሩ፣ የሕሙማን መረጃ ሁሉ በሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር፣ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። ጊዜ ይፈጃል፣ ቦታም ይበላል፤ ስለዚህ በየቀኑ አይደረግም። በየምሽቱ የሚወሰደው ጭማሪ ቅጂ ነው፤ እሱም ከትናንቱ ቅጂ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ይይዛል። ትንሽ ነው፤ ለብቻው ቢያዩት ትርጉም አይሰጥም። ሰርቨሩ የወደቀ ዕለት ግን መጀመሪያ ሙሉው ይመለሳል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ምሽት ይደረብበታል፤ ቀጥሎም የሁለተኛው፤ እንዲህ እያለ በተራ እስከ መጨረሻው። ከመካከል አንዱ ቢጠፋ ከሱ በኋላ ያሉት መቆሚያ ያጣሉ። ሁሉም ቢጠፉ የሚቀረው ሙሉው ቅጂ የተወሰደበት ቀን ብቻ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፦ ሙሉው ቅጂ የተወሰደው ዓምና፣ እርስዎ በተሾሙ ሰሞን ነው። ልጅቷ አዲስ ይወሰድ፣ አንድ ግልባጭም ከግቢው ውጭ ይቀመጥ ብላ ደጋግማ ጠይቃ "ያለው ምን ሆነ?" ብለዋታል። ለሹመትዎ ዘመን ያለዎትን ፍቅር ስለምረዳ በዚህ ብዙ አልወቅስዎትም።

ሁለተኛ፦ እንግዶች የጎበኙን ዕለት የተቀረጸው ቪዲዮ ማስቀመጫ ቦታ ሲያጣ፣ የምሽቶቹን ቅጂዎች አይተው "እነዚህ ፍርፋሪዎች ምንድን ናቸው? ትልቁ አለ አይደል? ይጥረጉ" ብለው አዘዙ። ልጅቷም "ጌታዬ፣ እነሱ ከሌሉ እኮ ትልቁ የዓምና ነው" አለች። እርስዎም "አንቺ ልጅ ነገር ታበዣለሽ" አሏት፤ ቅጂዎቹ ተጠረጉ፣ እሷም ወደ በሩ ተሸኘች። መጠበቅ ያለበትን ነገር የምታውቅ ሰው በር ላይ በማቆምዎ አመሰግናለሁ።

ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩን አቃጠለው። ሙሉው ቅጂ ተመለሰ፤ በየግድግዳውም "መረጃችን በሙሉ ተመልሷል" የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ባዶ ስክሪን ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ደንግጦ ይጠይቅ ነበር። የሞላ ስክሪን ግን ማን ይጠይቀዋል? ስሙ አለ፣ ዕድሜው አለ፣ የደም ዓይነቱ አለ። ዓምና እንደ ዘንድሮ ለብሶ ቁጭ ብሏል።

ሦስተኛ፦ እህቴ። ሙሉው ቅጂ ከተወሰደ ከወራት በኋላ ክንዷ ተሰብሮ እዚያው እናንተ ዘንድ ገብታ ነበር። የማደንዘዣ መርፌ በወጓት በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሿ ቆመ፤ ፊቷ ሲጠቁር በመስታወቱ አይቻለሁ። የመለሳት ሐኪም ወጥቶ ላቡን እየጠረገ "የመድኃኒቱን ስም ለመያዝ አትጨነቁ፤ ፋይሏ ላይ በቀይ ጽፌዋለሁ፤ የከፈተው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው" አለን። አመንነው፤ አልያዝነውም። ሐኪሙ አሁን ሌላ አገር ነው፤ ስልኩም አይነሣም። ሆስፒታሉም በርስዎ ጥረት ወረቀት አልባ ሆኗል።

አሁን ደግሞ ለሐሞት ጠጠሯ የፊታችን ሐሙስ ቀዶ ጥገና ተይዞላታል። ተረኛዋን ነርስ ያለፈውን እንድትመዘግብልን ለመንኳት፤ ደግ ልጅ ናት፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። "አባባ፣ ይኸው፤ አለርጂ፦ የለም ይላል። ስሙን ካላወቁት ምን ብዬ ልጻፍልዎ?" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህን ብቻ ነው። የተሰረዘ ነገር ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ከዲስኩ ላይ ፈጽሞ አይጠፋም ይባላል። የምሽቶቹ ቅጂዎች የነበሩበት ዲስክ አሁን ጠረጴዛዎ ላይ ነው፤ ከየስብሰባው መልስም አዳዲስ ቪዲዮ እንደሚጭኑበት ሰምቻለሁ። ይንቀሉት። ማንም አይንካው፤ ለሚያውቅ ሰው ይስጡት። የእህቴ ቀይ መስመር እስኪገኝ ድረስም ቀዶ ጥገናው ይቆይልን። ምናልባት እስካሁን በጭብጨባ ተሸፍኖ ይሆናል፤ ምናልባትም ገና አልተነካ ይሆናል። እያንዳንዱ የሚጭኑት ንግግርዎ ግን ወደዚያ መስመር እንደሚጠጋ ይወቁልኝ።

ለሙታን ቀጠሮ የሚሰጠው እጅዎ ሕያዋንንም እንዲያስብ እየተመኘሁ፣ ዓምና ገና ጤነኛ የነበረች እህት ያለኝ፣

ታዛዥዎ አስታማሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ያልጠበቅነው የሆስፒታሉ ሹፌር ነው። ፋይሏ ታይቶ ምንም ችግር ስላልተገኘበት ተጨማሪ ምርመራ እንደማያስፈልጋት፣ የቀዶ ጥገና አልጋም ስለተለቀቀ ዛሬውኑ እንድትገባ መታዘዙን በትሕትና ነገረን። እኔ "ሐሙስ ነው የተባለው" ብል፣ እህቴ ሕመሙ አንገሽግሿት "ጋሼ ተወኝ፣ ይገላግሉኝ" እያለች ጫማዋን ታጠልቃለች። ይህን በሹፌሩ እጅ ልኬልዎ አብሬያት እመጣለሁ። ማደንዘዣ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ አላሳልፍ ያለ ሽማግሌ አለ ብለው ቢደውሉልዎ እኔ ነኝ፤ ጥበቃ ከመላክዎ በፊት የመድኃኒቱን ስም ይዘው ይምጡ።