ቅዳሜ ቅዳሜ የማጥበው ሲሚንቶ

ይድረስ ለባለቤቴ ለታደሰ፤

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ መልስ የሌለው ጥያቄ እንደማልወድ ታውቃለህ። እኔ ደህና አይደለሁም፤ ግን አለሁ።

ይህን የምጽፍልህ በራሴ እጅ ነው። አዎ፣ እኔው አስካለ። "ፊደል ላስተምርሽ" ስትለኝ "አሮጊት ተማሪ ሆኜ ላስቅህ?" እያልኩ ስገፋህ የኖርኩት ሴትዮ፣ አንተን ቀብሬ ስመለስ የመብራቱን ወረቀት የሚያነብልኝ ሰው አጣሁ። ልጃችን ሰናይት ጎትታ የጎልማሶች ትምህርት ቤት አስገባችኝ። ከምሳ በኋላ ከእኔ ብሰው ካረጁ ሴቶች ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሬ ፊደል ቆጠርኩ። ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል። ፊደሉን ሰናይት ታርምልኛለች፤ ነገሩን ግን አላስነካኋትም።

ሰፈራችን በሰቃ አንተ እንደተውካት አይደለችም። በራችን ፊት ያለው መንገድ ባጃጅ በባጃጅ ሆኖ ለመሻገር ቆሜ እጸልያለሁ። የላይኞቹ ክፍሎች ዛሬም ተከራይ አለባቸው። እኔ እዚያችው ምድር ቤት ነኝ። ግቢያችን ወደ ወንዙ ስለሚያዘቀዝቅ ከቤቱ ሥር የተረፈችው፣ የኋላ ግድግዳዋ ላይ አፈር የተደገፈባት፣ አንተና እኔ ያረጀንባት ክፍል።

አሁን ልውቀስህ። ከሞትክም በኋላ ሳልወቅስህ የቀረሁበት ቀን የለም።

ከፋብሪካ ጡረታ የወጣሁ ዕለት የተናገርከውን ታስታውሳለህ? እግሬን ጨው ባለበት ሙቅ ውሃ ነክሬ ተቀምጬ ነበር። "ዕድሜሽን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ቆመሽ ክር ስትፈትይ ኖረሻል፤ ከእንግዲህ በቤትሽ እንጨት ትረግጫለሽ" አልከኝ። በሳምንቱ የጥድ ጣውላዎቹን አመጣህ፤ ለክተህ ቆረጥካቸው፣ ላግካቸው፣ ከኋላው ግድግዳ አራቅ አድርገህ ሞራሌ እንጨት ላይ ከምረህ አስቀመጥካቸው። ከዚያ ወዲያ ዝም። የሰውን ሳሎን በጣውላ ስታለብስ ኖርክ። ልብስህ መጋዝ ብናኝ እየሸተተ ትመጣና እኔ በባዶ እግሬ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ እቀበልሃለሁ። መቼ ነው ስልህ "ገና ነው፣ አልደረቀም" ትላለህ። ከተሠራ ሃያ ዓመት ያለፈው ሲሚንቶ!

ደግሞ ያቺ ላስቲክህ። በመስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ መሐረብ የምታክል ላስቲክ ዙሪያዋን በፕላስተር ለጥፈህ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነጠላህን ሳታወልቅ ተንበርክከህ ትገልጣታለህ። ከሥሯ ጠብታ ታያለህ፤ ራስህን ትነቀንቃለህ፤ መልሰህ ትለጥፋታለህ። "ባሌ ለላስቲክ ስእለት ገብቷል" እያልኩ ለጎረቤት ስቄብሃለሁ። ስንት ቅዳሜ ነቅዬ ጥያታለሁ! አንድ ቀን ብቻ "ይቺን ወር ባታጥቢውስ?" አልከኝ። "ቆሻሻ ላይ ተኚ ነው የምትለኝ?" ብዬ ጮህኩብህ። ሳቅህ። ሁለተኛ አላነሳኸውም።

ጣውላዎቹን ሳልረግጥ አንተ ሄድክ። በሐዘኑ ሰሞን ለቀስተኛው ምድር ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ እኔ እነዚያን ጣውላዎች ነበር የማየው። ከአንተ በላይ እነሱ አስለቀሱኝ፤ ከንዴት።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ እግሬ አበጠ። ሐኪሙ ከቅዝቃዜው ራቂ አለኝ። ሰናይት "የላስቲክ ምንጣፍ ላምጣልሽ፣ እማዬ፤ እነዚህን እንጨቶች ግን አስወጪ" አለች። እኔም ወሰንኩ። ሙያውን ያስተማርከውን በቀለን ጠራሁትና "ና ፈልጠህ ማገዶ አድርግልኝ" አልኩት።

በቀለ ጣውላውን በእጁ ዳሰሰው። "እትዬ፣ ይሄን እንጨት የሚፈልጥ እጁ ይሰበራል" አለኝ።

"የአንተ እጅ ከተሰበረ ለራስህ ጣውላ ታስርበታለህ። አንሳ!"

አንዱን ጫፍ እሱ ያዘ፣ አንዱን እኔ። ከላይ ያለውን ስንገለብጠው ጀርባው በእርሳስ ተጽፎበታል። በቀለ አንገቱን አስግጎ "ጋሼ ጽፎበታል፤ ላንብብልሽ?" አለ።

"አንተ እንጨትህን ያዝ። እኔ አነባለሁ" አልኩት። በዚያች ሰዓት ኮርቼ ነበር፣ ታደሰ። ባልኮራ ይሻለኝ ነበር።

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። "እሑድ። እርጥብ።" ከሥሩም "እሑድ። እርጥብ።" ከሥሩም እንደዚያው፣ ከጣውላው ራስ እስከ ጣውላው ግማሽ። እጅህ እየደከመ ሲሄድ ፊደሉም እየተንጋደደ ሄዷል። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ "እርጥብ። ትናንት አጥባዋለች። ደስ ይላታል። ተዋት።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ፣ ከዚያም የተሳሳትኩ እንዲሆን ፈልጌ። በቀለ ሲያየኝ ፈራ መሰለኝ፣ ያልጠየቅሁትን ያስረዳኝ ጀመር። "ሲሚንቶ እንደ ስፖንጅ ነው፣ እትዬ። ያጠጣሽውን ይይዛል። እርጥቡ ላይ ጣውላ ብትመቺ በዓመቱ ሆዱን ነፍቶ ይነሳል። ጋሼ ላስቲክ ለጥፎ ከሥሩ ጠብታ እስኪጠፋ ድረስ አንድ ምስማር አይመታም ነበር።"

ለካስ ያዘገየኸው አንተ አይደለህም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ባልዲ ውሃ እየደፋሁ በመጥረጊያ ስፈትገው የኖርኩት እኔ ነኝ።

ለምን እንደማጥበው ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጅ ሆኜ የእናቴን ቤት መሬት በየሳምንቱ በእጄ እበት እለቀልቅ ነበር፤ ሽታው ከጥፍሬ ሳይወጣ ነው ያገባኸኝ። ይህን ሲሚንቶ ያፈሰስክ ዕለት ውሃ ደፍቼበት ጠርቶ ሲፈስ አይቼ አለቀስኩ። ጭቃ የማይሆን ወለል አገኘሁ ብዬ። አንተ በሩ ላይ ቆመህ አይተኸኛል። ለዚህ ነው ተዋት ያልከው፤ አውቃለሁ።

ግን ማን ተዋት አለህ? እኔ የምጮህ ሴት ነኝ፤ ጮሄ ዝም እላለሁ። ደግመህ ብትነግረኝ ምን ነበር? አጠገቤ ተኝተህ ለእንጨት ትነግራለህ? የማላነብ መሆኔን እያወቅህ ጽሕፈት ታስቀምጥልኛለህ? ዛሬም በዚህ ተናድጄብሃለሁ። ንዴቱ ግን እንደ ድሮው አይጣፍጠኝም።

በቀለን "ፍለጣው ቀርቷል" ብዬ ሰደድኩት። ባልዲውን ከደጅ ደፋሁት። ላስቲክ ቆርጬ የአንተ ፕላስተር ሙጫው በቀረበት ቦታ ላይ፣ እዚያው በመስኮቱ ሥር፣ ለጠፍኩ። ሰባት ቅዳሜ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ብቻ ጠረግሁ። የላይኛዋ ተከራይ "እትዬ አሞሻል እንዴ? ባልዲሽ ድምፁ ጠፋ" እያለች መጣች። ቆሻሻው ሲታየኝ እጄን ያሳክከኝ ነበር። እሑድ እሑድ ነጠላዬን እንደለበስኩ ተንበርክኬ ገለጥኩ። ጉልበት እንዲህ እንደሚያም አልነገርከኝም። መጀመሪያ ጠብታ ነበር፤ ቀጥሎ ላቦት ብቻ፤ በሰባተኛው እሑድ መዳፌን አሳረፍኩበት፤ ምንም የለም። በቀለን ደውዬ "ና" አልኩት።

ወፍራም ላስቲክ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አነጠፈ። በላዩ ሞራሌዎቹን በውሃ ልክ እያስተካከለ አሰረ። ጣውላዎቹን በጀርባቸው በጻፍከው ቁጥር ተራ በተራ አቀበልኩት፤ ቁጥሩን የምጠራው እኔ ነበርኩ። አንዱም ትርፍ፣ አንዱም ጎደሎ አልሆነም። ከግድግዳው ጥግ የጣት ስፋት ሲተው "ሰነፍ፣ አስጠጋው እንጂ!" አልኩት። "እንጨትም ሲያብጥ መላወሻ ይፈልጋል፣ እትዬ። ጋሼ ቢሰማሽ ይስቅብሽ ነበር" አለኝ። ይሳቅ። በሳቀብኝ።

የጽሕፈትህ ጣውላ በአልጋው በእኔ በኩል የምትገባ ሆና ተገኘች። በቀለ "ጽሕፈቷን ወደ ላይ ላድርጋት?" ብሎ ጠየቀኝ። እንቢ አልኩ። ሰው እንዲረግጣት አልሻም፤ አንተም ለማንም አላሳየሃትም። ሳይገለብጣት ግን እርሳሱን ከጆሮው ላይ ወሰድኩበትና ወለሉ ላይ ተቀምጬ ከመጨረሻው መስመርህ ሥር ጻፍኩ። በቀለ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ ገልብጦ ምስማሩን መታ።

ታደሰ፣ ከእንቅልፌ ስነሳ መጀመሪያ እግሬ የሚያርፈው እዚያች ጣውላ ላይ ነው። አትቀዘቅዝም። ውሃ አላስነካትም፤ በደረቅ ጨርቅ እወለውላታለሁ፤ ቅዳሜንም በዚሁ ለምጄዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ፣ ወለሉን ረግጬ በቆምኩ ቁጥር ከሥሬ ያለውን አውቃለሁ። የአንተን መስመሮች፣ የአንተን "ተዋት"፣ ከሥሩም የእኔን ጎባጣ ፊደል፦

"እሑድ። ደረቅ። አስካለ ነኝ።"