ደረቴ ላይ የተለጠፈችው መብራት አንባቢ

እህት ዓለም፣ ደህና ነሽልኝ?

አገር ቤት እግሬ ሲያብጥ «እርጅና ነው» ተብዬ ተሸኝቼ የለ? ያንን እርጅና እዚህ አስመረመርኩት። ሐኪሟ የሚያበራ ቀለም በደም ሥሬ ሰጠችኝና ብርሃኑን የምታነብ፣ አዝራር የምታህል መሣሪያ ደረቴ ላይ ለጠፈች። ጤነኛ ኩላሊት ቀለሙን ቶሎ አጣርቶ ስለሚያስወጣው ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር እየወረደ ይሄዳል። የእኔ ግን እንደ ሰነፍ ተማሪ ካለበት ንቅንቅ አልል አለ።

«እማማ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

አንቺ የሰጠሽኝን፣ እኔና አንቺ የምንካፈለውን የጉልበት ሕመም ክኒን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«ኩላሊትዎን የጎዳው ይሄ ነው። ደግነቱ ቶሎ ደርሰንበታል፤ ካቆሙት ያገግማል።»

ክኒኑን እዚያው አስረከብኳት። «ስጦታዬን ናቀች» ብለሽ ከተቀየምሽም ተቀየሚ። ጉልበቴ የፈለገውን ያህል ይጩህ፣ በዱላ እሄዳለሁ። «እኔ ኩላሊቴን አሞኝ አያውቅም» እንደምትዪ አውቃለሁ። እኔንም አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም፤ ድምፁን አጥፍቶ ነው የተጎዳው።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላ። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ባለቤትሽንም ሰላም በዪልኝ። ነገ ክኒኑን ይዘሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። «ደህና ነዎት፣ ይሂዱ» ቢሉሽም ኩላሊትሽን ሳይመረምሩ ከክፍሉ አትውጪ።