የአዬ አስተርጓሚ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

ዶክተሩን ሸወድኩት። አዬንም ሸወድኳት። በአንድ አፍ ሁለት ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተሩ ከጎንደር የመጣ ወጣት ነው፤ ወላይትኛ አይሰማም። አዬ፣ እናቴ ማለት ነው፣ አማርኛዋ ከከተማችን ከተበላ ገበያ አያልፍም። ሲስተሯ ላስተርጉም ስትል "እኔ አለሁ፣ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ" አልኩ። ደርሻለሁ እንጂ አልፌአለሁ አላልኩም።

"ስትተኛ ያፍናታል?" አለኝ። ጠየቅኳት። አዬ ዶክተሩን አየችውና "ይሄ ልጅ አንገቱ የጫጩት ነው፣ ምግብ ይሰጡታል?" አለች። እኔም "በጣም ያፍነኛል ትላለች" አልኩ። ውሸት አይደለም። ሌሊት ስታጣጥር የምሰማው እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀልዱ አለቀ። የአንገቷ እንቅርት ወደ ውስጥ አድጎ መተንፈሻዋን ተጭኗል፣ ሰኞ መውጣት አለበት አለ። የድምፅ ነርቭ በዚያው ያልፋል። ከተነካ ድምፅዋ ሊሻክር ወይም ሊጠፋ ይችላል። "ሳትደብቅ ንገራት" አለኝ።

አዬ እኮ ተበላ ቤተ ክርስቲያናችን መዝሙር የምታስጀምር ናት፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ። አባቴ ሲሞት አላቋረጠችም። ዝናብ ጠፍቶ በቆሎው ሲደርቅም አላቋረጠችም። ገና ደግሞ ረቡዕ ነው።

"ምን አለ?" አለችኝ።

"እንደ ብጉር ነው፣ ፍርጥ አድርገን እንጥለዋለን አለ።"

እሁድ፣ ታኅሣሥ 26

ጠዋት ዳቦ ውስጥ የሚያቃጥል ዳጣ ደብቄ ለእትዬ አስቴር ሰጠኋቸው። ከሻንቶ ናቸው፣ አጠገባችን የተኛች እህታቸውን ያስታምማሉ። ነከሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ረጋ ብለው "ጨምርልኝ" አሉ። ተሸነፍኩ።

ከሰዓት ዶክተሩ መጣ። "ነግረሃታል?"

"አዎ።"

"ሁሉንም?"

የአዬን አንሶላ ማስተካከል ጀመርኩ። እሱ ራሱ ለአዬ በአማርኛ ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ። "ድምፅዎ..." ሲል ቀና አለች። ይህችን ቃል ከመዝሙር ታውቃታለች።

"ማቴ፣ ስለ ድምፄ ምን አለ?"

ነገርኳት። ሁሉንም። ጆሮዬን ለቁንጥጫ አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። አልቆነጠጠችኝም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። "ይሁን፣ መጀመሪያ ግን ልጸልይ" አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ዶክተሩ በሹክሹክታ "ምን እያለች ነው?" አለኝ።

እኛ ጋ እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ አስተርጓሚ አጠገቡ ይቆማል። ሰባኪው "እኔ" ሲል እሱም "እኔ" ይላል። "እሱ እንዲህ አለ" አይባልም። እኔም ሌላ ስለማላውቅ እንደዚያው አደረግኩ።

"ጌታ ሆይ፣ ፈርቻለሁ" አልኩ። "ድምፄን ብትወስደውም ያንተ ነው። ብትተውልኝ ግን ደስ ይለኛል። የዚህን የሚያክመኝን ልጅ እጅ ያዝለት። ባሌን በወሰድክ ጊዜም ብቻዬን አልተውከኝም።"

"ባሌን" ስል ዶክተሩ ሊስቅ ነበር። አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። "ፈርቻለሁ" ያልኳት ቃል የአዬ ነበረች፤ ከአፌ ስትወጣ ግን የእኔም ሆና ተገኘች።

ዶክተሩ የአንገቱን ማተብ ይዞ "አሜን" አለ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

አስገቧት። ኮሪደር ላይ ቀረሁ።

የፈራሁት፦ ደም። መብራት መጥፋት። ብቻዬን ተበላ መመለስ።

የምትተረጉምለት ሰው ሳይኖር መጸለይ ከባድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእኔ ሥራ ኋላ ተቀምጦ የሽማግሌዎችን ሳል ማስመሰል ነበር። "ጌታ ሆይ፣ ማቴ ነኝ። ዛሬ ቀልድ አይደለም" አልኩ። ሌላ አልመጣልኝም። ግን ከዚያ በኋላ አግዳሚው ላይ ብቻዬን የተቀመጥኩ አልመሰለኝም። ይህን ለጓደኞቼ አልናገርም፤ ዓመት ሙሉ ነው የሚያሾፉብኝ።

ወጣች። ትተነፍሳለች፣ ያውም ሳታጣጥር። ዶክተሩ ላቡን እየጠረገ "ድምፅዋን ደግሞ እናያለን" አለ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

ድምፅ የለም። አየር ብቻ ነው የሚወጣት። ዶክተሩ "ከእብጠቱ ሊሆን ይችላል፣ ቃል ግን አልገባልህም" አለ።

ጆሮዬን አፏ ላይ ደቅኜ የሰማሁትን ጮክ ብዬ እደግማለሁ። ከወላይትኛ ወደ ወላይትኛ። ከተበላ ጠያቂዎች መጡ። "ሙዙን ለማቴ ተዉለት ትላለች" አልኳቸው። ቆነጠጠችኝ። ጣቶቿ ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ማታ "ነገ ማን ያስጀምራል?" አለችኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29፣ ገና

ጠዋት እትዬ አስቴር ረስተውት ነው መሰለኝ፣ "የተበላዋ እህቴ፣ ገና እኮ ነው፣ አስጀምሪን እንጂ" አሉ። እትዬ አስቴር አፋቸውን ያዙ።

አዬ ጆሮዬን ጎትታ የመጀመሪያውን መስመር ሹክ አለችኝ።

"ለማን ልንገረው?" አልኳት።

"ዘምረው" አለች።

ድምፄ ጠዋት አልነሳ ያለ ባጃጅ ነው። ጀመርኩ። ሳቁ። እትዬ አስቴር እየሳቁ ተቀበሉኝ፣ እህታቸው ተከተለች፣ ከዚያ ማዶ ያሉት አልጋዎች። አዬ መስመር በመስመር ታቀብለኛለች፣ እኔ እጮኻለሁ። መዝሙሩ በግርግም ስለተኛው ሕፃን ነው። ከልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። ማደሪያ አጥተው በረት ማደራቸው የገባኝ ግን እዚህ ኮሪደር ላይ ካደርኩ በኋላ ነው። ለካ ጌታ የመጣው እኛ ወዳለንበት ዓይነት ቦታ ነው። ይህን ሳስብ ድምፄ ጭራሽ ተበላሸ፤ ግን አላቆምኩም፤ አዝማቹን በቃሌ ስለማውቀው ወደ ግርጌ ሄጄ ለማዶዎቹም ጮኽኩላቸው።

ዶክተሩ ከቅዳሴ መጥቶ ነጠላውን እንዳጣፋ በር ላይ ቆሟል። ከጎን ክፍል የመጡ አንዲት አሮጊት አጮልቀው አዩንና "አህያ ማን አስገባ?" አሉ።

አዬ አፏን ከፈተች። "ልጄ ነው።"

ዶክተሩ ፈጥኖ ወደ አልጋው መጣ። "ምን አለች?"

"'ልጄ ነው' አለች" አልኩት። አንድ ቃል አልጨመርኩም።

እትዬ አስቴር ሹክሹክታ ነበር ይላሉ። ዶክተሩ ገና አልታወቀም፣ እንጠብቅ ይላል። ይጠብቁ። እኔ ግን ጆሮዬን አልደቀንኩም ነበር፤ ከአልጋዋ ግርጌ ቆሜ ነው የሰማኋት።