ወርዷል ያልኩት ጎማ

ለበኩር ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ጎንበስ ስትዪ አሁንም ይይዝሻል? ባልሽስ አዲሱ ሥራው ተስማማው? ትንሹ ልጅሽ ጥርስ አወጣ ብለሽ ነበር፤ አሁንማ መንከስ ጀምሮ ይሆናል። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ሰባ ዓመት ተሸክሞኛልና ቢያጉረመርም አልፈርድበትም።

ይህን የምትጽፈው እንደወትሮው ልጅሽ ናት። እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ዛሬ ግን ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ፣ ሳታቋርጠኝ እንድትጽፍ አስቀድሜ ቃል አስገብቻታለሁ። ለምን እንደሆነ እሷም ገና አላወቀችም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ልጅሽ በምትማርበት የበረራ ትምህርት ቤት፣ አውሮፕላኖቹ ከመነሣታቸው በፊት አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር እየሄድኩ ጠጠርና ብሎን እለቅማለሁ፣ ወፍ አባርራለሁ። ጭልፊቱ ብለው የሰየሙኝ ሃያ እርምጃ ላይ የወደቀች ብሎን ስለማታመልጠኝ ነው። ነበር ልበልሽ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ዓይኔ ላይ ጉም ወርዷል። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሶሉ የሳሳ ጫማ ገዝቼ ጠጠሩን በእግሬ እየዳበስኩ ነው የምለቅመው። ይኸው እጇ ቆመ። ጻፊ ብያታለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ልጅሽ ከአስተማሪዋ ጋር ለልምምድ ወጣች። ያቺ አውሮፕላን ስትነሣ ጎማዎቿን ወደ ሆዷ ታጥፋለች፣ ልታርፍ ስትል ትዘረጋለች። ሦስቱም ተዘርግተው ሲቆለፉ በአብራሪዎቹ ፊት ሦስት አረንጓዴ መብራት ይበራል። የዚያን ቀን ሁለቱ በሩ፣ የግራው እምቢ አለ። አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል ብለው የጎረቤቱን ነቅለው ቢተኩበት ያው ጨለማ ነው። ጎማው ወርዶ መብራቱ ይዋሽ፣ ወይስ መብራቱ እውነቱን ይሁን፣ እዚያ ላይ ሆኖ አይታወቅም። አስተማሪዋ ከታች እዩልን ብሎ ዝቅ ብሎ በመቆጣጠሪያው ማማ አጠገብ አለፈ።

የማማውን ተቆጣጣሪ ፀሐይዋ ፊት ለፊት መታችው። እኔ አስፋልቱ ዳር ነበርኩ። በእጅ ራዲዮዬ ጠራኝና፣ አባባ፣ እርስዎ ይቀርባሉ፣ ሦስቱም ወርደዋል ወይ አለኝ። እኔ ያየሁት ነጭ ነገር ሲያልፍ ብቻ ነው። አላየሁም ማለት አንድ ቃል ናት። ምላሴ ግን ቀደመኝና ሦስቱም ወርደዋል አልኩ። እርግጠኛ ነዎት ወይ ቢለኝ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ማልኩ። የገዛ የልጅ ልጄ እዚያ ውስጥ ተቀምጣ።

ደግነቱ አስተማሪዋ ሰው ወርዷል ስላለው ብቻ የሚያርፍ አይደለም። መውረድ ሌላ መቆለፍ ሌላ ብሎ፣ ልጅሽን በእጅ እየዞረ ጎማውን የሚያወርደውን መዘውር አዙሪ አላት። ክንዷ እስኪዝል አዞረች፣ ሦስተኛው መብራት በራ፣ በሰላም አረፉ። በኋላ መካኒኩ ሲፈትሸው ያ ጎማ ግማሽ መንገድ ላይ ተሰንቅሮ ኖሯል። የኔን ቃል ይዘው ቢያርፉ ኖሮ ዛሬ የማስጽፍልሽ ሌላ ደብዳቤ ነበር።

ነውሩ ገና ነው። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ወርደዋል ያለው ማን ነው ብሎ ሲቆጣ፣ ተቆጣጣሪው እኔ ነኝ አለ። ስሜን አልጠራም። ከሥራ ታግዷል፣ ነገ ይፈረድበታል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ዛሬም ቆብ አንሥቶ እንደምን ዋሉ አባባ ይለኛል። ያን ዕለት ራት ላይ ልጅሽ፣ ያንን ዕውር ማማ ላይ ከሚያወጡት ምርኩዝ ቢገዙለት ይሻል ነበር እያለች ስትቀልድ፣ እኔ አብሬ ሳቅሁ። ሳቅሁ፣ ልጄ። ከውሸቱ ይልቅ ያ ሳቅ ነው የሚበላኝ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ ዝናብ እንደመታው ጆንያ እያደር ከበደኝ።

ፊት ለፊት ልነግራት አምስት ቀን ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ። ኩራቴን ታውቂዋለሽ። እናትሽ ነፍሷን ይማረውና፣ ይህ ሰውዬ አደናቅፎት ቢወድቅ እንኳ መሬቷን መታኋት ይላል ትል ነበር። ስለዚህ ላንቺ እየተናገርኩ እሷ ትስማው ብዬ አስቀመጥኳት።

ልጅሽ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጥላው ነበር፤ አሁን አነሣችው። ተቆጣጣሪውን ዕውር ብዬ የሰደብኩትስ እኔ አይደለሁም ወይ፣ አብረን ነው የምንሄደው አለች። ይህንንም ጻፊው አልኳት። ነገ ጠዋት ከኃላፊው ዘንድ እገባለሁ። ቢያባርሩኝ አልከራከርም። ጭልፊቱ የሚለውን ስም ግን ሳይነጥቁኝ ራሴ መልሼላቸው እወጣለሁ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ በኔ አይሳቅ፣ እሱም ያረጃል። አማትሽን በርቺ በያት። ትንሹን አያትህ ከሩቅ ይስምሃል በዪልኝ፤ ጥርሱን ቆጥረሽ ላኪልኝ። ከታች ያለው አሻራ የኔ ነው። እስከ ዛሬ አውራ ጣቴን ራሴ ነበር የማሳርፈው። ዛሬ ልጅሽ ይዛ ቦታውን አሳየችኝ።

አባትሽ
ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር፣ ማክሰኞ፣ የካቲት 14 ቀን